አንድ ጊዜ ቆጥሮ ለሁሉም መመለስ



ዛሬ የምናገረው አገሮች ለዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ስምምነቶች ስለሚያቀርቡት ሪፖርት ነው። ጉዳዩ የቢሮ ሥራ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ አገር ስለ ዱር እንስሳቱ፣ ስለ ዕፅዋቱና ስለ ረግረጎቹ ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚለካው በሪፖርቱ ነው። የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ መረጃ አንድ ጊዜ በጥራት ይሰብሰብ፣ በአንድ ቋት ይቀመጥ፣ ከዚያ ለሁሉም ስምምነቶች መልስ ይሰጥበት። የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በምሳሌ ልጀምር። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሚገኘው የበርጋ ረግረግ ሳሮትሩራ አይሬሲ የተሰኘች ትንሽ ወፍ በክረምት ትራባለች። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም እንደምትራባ በ2018 እስኪታወቅ ድረስ የታወቀው መራቢያዋ ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። ስለዚህች አንዲት ወፍ ኢትዮጵያ ለሦስት ወገኖች መልስ መስጠት ይጠበቅባታል፦ ለብዝሃ ሕይወት ስምምነት፣ ለፈላሽ የዱር እንስሳት ስምምነትና ለአፍሪካና ዩሬዥያ የውኃ ወፎች ስምምነት። ቅጾቹ ሦስት ናቸው፤ የማስረከቢያ ቀናቸውም ይለያያል። በበርጋ ሣር ውስጥ የሚካሄደው ቆጠራ ግን አንድ ነው።

ይህ መደራረብ የመጣው በማንም ጥፋት አይደለም። ስምምነቶቹ በተለያየ ዘመን፣ ለተለያየ ችግር ተወለዱ። የዓለም ቅርስ ስምምነት በ1972፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይተስ በ1973፣ የፈላሽ እንስሳቱ በ1979፣ የብዝሃ ሕይወት ስምምነት ደግሞ በ1992 ጸደቁ። ሳይተስ የንግድ ሪፖርቱን በየዓመቱ ይጠይቃል፤ የፈላሽ እንስሳቱ ስምምነት ከጉባኤው አስቀድሞ በየሦስት ዓመቱ ገደማ ይጠብቃል፤ የብዝሃ ሕይወት ስምምነት ሰባተኛውን ብሔራዊ ሪፖርት እስከ የካቲት 2026 መጨረሻ፣ ስምንተኛውን እስከ ሰኔ 2029 መጨረሻ እንዲቀርብለት ወስኗል። እኛ ዘንድም ኃላፊነቱ በብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በቅርስ ባለሥልጣንና በሌሎችም ተቋማት ተከፋፍሏል።

የዚህ ዋጋ የባለሙያ ድካም ብቻ አይደለም። ቁጥሩ በአንዱ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ሲቀር፣ ሌላው ያንኑ ለማግኘት እንደገና ይደክማል። አጥኚው ሲለወጥ ወይም የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ መረጃው አብሮ ይጠፋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ስለ አንድ ፓርክ ሁለት ሪፖርቶች ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይዘው ሲወጡ ነው። ያን ጊዜ ባዕድ ብቻ ሳይሆን የራሳችን ሕዝብም እምነት ያጣብናል።

መፍትሔ ፍለጋው አዲስ አይደለም። በ2000 በኬምብሪጅ ከተካሄደ ዐውደ ጥናት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በአራት አገሮች ሙከራ አስጀምሮ ነበር። ጋና ሪፖርቶቹን ከብሔራዊ የአካባቢ ሁኔታ ዘገባዋ ጋር ማያያዝን ሞከረች። ኢንዶኔዥያ ስምምነቶቹ በጋራ የሚፈልጓቸውን የመረጃ ክፍሎች ለየች። ፓናማ ከቀጠናው የሚገኝ ድጋፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም ፈተሸች። ሲሸልስ አንድ የተጠቃለለ ሪፖርት ይቻል እንደሆነ መረመረች። ዛሬ ደግሞ አገሮች መረጃቸውን በአንድ ቦታ አደራጅተው ለተለያዩ ስምምነቶች እንዲጠቀሙበት ዳርት የተባለ የኢንተርኔት መሣሪያ ቀርቦላቸዋል። በታኅሣሥ 2022 የጸደቀው የኩንሚንግ-ሞንትሪያል የብዝሃ ሕይወት ማዕቀፍም ለ23 ግቦቹ የጋራ መለኪያዎችን አስቀምጧል።

«ታዲያ ለሁሉም አንድ ሪፖርት ለምን አይበቃም?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። አይበቃም። ዝሆንን እንውሰድ። ሳይተስ የሚጠይቀው ስለ ንግዱና ስለ ተያዘው የዝሆን ጥርስ ነው። የፈላሽ እንስሳቱ ስምምነት ድንበር ተሻግሮ ስለሚሄድበት መንገድ ይጠይቃል። የብዝሃ ሕይወት ስምምነት መኖሪያው ምን ላይ እንዳለና አገሪቱ ምን እንዳደረገች ማወቅ ይፈልጋል። ጥያቄዎቹ የየራሳቸው ምክንያት ስላላቸው እነሱን አጥፍቶ አንድ ወረቀት ማድረግ ጥበቃውን ያዳክማል። መዋሐድ ያለበት ሪፖርቱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ቆጠራ፣ ካርታና መዝገብ ነው።

ሪፖርት በአግባቡ ሲሠራ ምን እንደሚያስገኝ ሰሜን ተራሮች ይመሰክራሉ። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። በእነዚያ ዓመታት ስለ ዋልያ፣ ስለ ቀይ ቀበሮ፣ ስለ ግጦሽና ስለ መንገድ የቀረቡት ሪፖርቶች የፋይል ማሟያ አልነበሩም፤ ሥራው የት እንደደረሰና ምን እንደቀረው ማሳያ ነበሩ። ያ መረጃ ለዓለም ቅርስ ብቻ ተሰብስቦ ለሌሎቹ ስምምነቶች ሳይደርስ የሚቀርበት ምንም ምክንያት የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የስምምነቶቹ ተጠሪዎች በቋሚነት የሚገናኙበት፣ በሕግ ኃላፊነት የተሰጠው የጋራ ኮሚቴ ይቋቋም። ሁለተኛ፣ የመረጃ ቋቱ በመንግሥት በጀት ይቁም እንጂ ፕሮጀክት ሲያልቅ አይዘጋ። ሦስተኛ፣ መረጃው ከውጭ ጽሕፈት ቤቶች አስቀድሞ ለወረዳው፣ ለፓርኩ ጠባቂና ለዩኒቨርሲቲው ተማሪ በቋንቋቸው ይድረስ። ቆጠራውን የሚያግዘው ገበሬ ውጤቱን ሊያውቅ ይገባዋል።

እዚህ ያላችሁ የየተቋማቱ ኃላፊዎች፣ ይህን ለመጀመር አዲስ ዓለም አቀፍ ስምምነት መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። በእጃችሁ ያለውን መረጃ እርስ በርሳችሁ ክፈቱ፤ የሚቀጥለውን ሪፖርትም በጋራ ጻፉት።