በሁለት ጐማ ስለሚቆም ዕቃ አድራሽ ሮቦት
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የአቦምሳ ልጅ ነኝና፤ ዕቃ ማድረስ ሲባል አስቀድማ የምትታየኝ አህያ ናት። አህያ አራት እግር ስላላት ስለ ሚዛን አትጨነቅም። እኛ ግን ለመመረቂያ ሥራችን የመረጥነው በሁለት ጐማ ብቻ ቆሞ ጥቅል የሚያደርስ ሮቦት ነው።

ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው ዲን ኬመን ሴግዌይ የተባለውን ባለ ሁለት ጐማ መጓጓዣ በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. ለሕዝብ አሳይቷል። ዘዴው ዱላ በመዳፍ ላይ እንደ ማቆም ነው፤ ዱላው ወደሚወድቅበት መዳፋችንን እናስከትላለን። በሮቦቱም ጋይሮስኮፕና የፍጥነት ለውጥ መለኪያ ማዘንበሉን ይነግሩታል፤ ሞተሮቹም ጐማውን ወደዚያው ያሽከረክራሉ፤ ይህም በሰኮንድ መቶ ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ሁለት መለኪያ ያስፈለገው አንደኛው ቀስ በቀስ ስለሚስት፤ ሁለተኛው በንዝረት ስለሚታለል ነው።

ያስቸገረን ጭነቱ ነው። ጥቅሉ ጥቂት ወደ ፊት ካመዘነ፤ ባዶውን ቀጥ ብሎ የቆመው ሮቦት ወደ ፊት መሸሽ ይጀምራል። ስለዚህ የስሕተቱን ድምር እየቆጠረ ወደ ኋላ ዘንበል የሚያደርገው ስሌት ጨመርንበት። ዳገት ላይም ወደ ዳገቱ ካላጋደለ አይቆምም።

አንዳንድ ጓደኞች፤ «በሦስት ጐማ ብትሠሩት ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርግላችኋል?» ይሉናል። እውነት አላቸው። ባትሪው ካለቀ የእኛው በአፍጢሙ ይደፋል፤ የጫነው መድኃኒት ከሆነ ጠርሙሱ ይሰበራል። እኔ ለትምህርት ሁለቱን ጐማ እመርጣለሁ፤ መድኃኒት አስጭኜ ወደ አገሬ ልላከው ብል ግን ኃይሉ ሲደክም የሚዘረጋ እግር ሳልጨምርለት አልልክም። የቡድኔ ልጆች እግሩ ክብደት ያበዛል ብለው እስካሁን አልተስማሙም። መምህራኖቻችን በዚህ ላይ አስተያየታችሁን እንድትሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።