የማንበቢያው ስክሪን ሲሰበር ጥፋቱ የማን ነው?

ከማሽላው እርሻ የተመለሳችሁ የቆቦና የራያ ቆላ ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው።

መሣሪያው በመጠኑ ከደብተር አይበልጥም። ብዙ መቶ መጻሕፍት ግን ይይዛል። በስክሪኑ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ጥቁርና ነጭ ብናኝ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያዘው ጥቁሩ ወደ ላይ ይወጣና ፊደል ይሆናል። ገጽ ሲቀየር ካልሆነ በቀር ፊደሉ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በቀትር ፀሐይም ጥርት ብሎ ይነበባል። ለእኛ ቆላ የተሠራ አይመስልም?

ጠቡ የሚነሣው ሲሰበር ነው። ባለቤቱ «አልጣልኩትም፤ ከቦርሳ ሳወጣው ግማሹ ፊደል ጠፍቶ አገኘሁት» ይላል። ሻጩ ደግሞ «ጥለኸው ነው እንጂ!» ይላል። ላዩ ሲታይ ጭረት እንኳ የለበትም። ታዲያ ማን ዋሸ?

ማንም ላይዋሽ ይችላል። በብዙዎቹ ማንበቢያዎች ከእንክብሎቹ ሥር ስስ መስታወት አለ። እናቶቻችን፣ ምጣድን ታውቁታላችሁ። ጉልቻው ካልተስተካከለ፣ መሐሉን ጫን ሲሉት ይሰነጠቃል። ይህም እንደዚያው ነው። ከእህል ጋር በአህያ ተጭኖ ገበያ ቢሄድ፣ ሳይወድቅ ሊሰበር ይችላል። ላዩ ፕላስቲክ ከሆነ ደህና ይመስላል። መጻሕፍቱም ውስጡ አሉ፤ ግን አይነበቡም።

«የገጠር ሰው አያያዝ አያውቅም» የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። በ2004 ዓ.ም. በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌት የሚባል ኮምፒዩተር በካርቶን እንደታሸገ ተሰጣቸው። ልጆቹ ያለ አስተማሪ ከፍተው፣ አብርተው ተጠቀሙበት። ጋና ውስጥ ደግሞ ወርልድሪደር የተባለ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ለተማሪዎች ማንበቢያ አደለ። በዚያ ሙከራ ከ100 መሣሪያ 40 ያህሉ ተሰበረ። ይህን ያህል ሲሰበር የተማሪውን እጅ ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። መሣሪያው ራሱ ለዚያ ኑሮ አልተሠራም ነበር።

መስታወቱን በሚተጣጠፍ ፕላስቲክ የተኩም አሉ። ከእነዚህ አንዱ በ2011 ዓ.ም. የወጣው «ኮቦ ፎርማ» ነው። ቆቦዎች፣ አትሳቁ! ስሙ ከከተማችሁ አልተወሰደም። የካናዳ ድርጅት ነው፤ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ማለት የሆነውን የ«ቡክ»ን ፊደላት አቀያይሮ ያወጣው ስም ነው። ፕላስቲኩም ቢሆን በድንጋይ ቢመታ ይጎዳል፤ ሲጫኑት ግን ከመስታወቱ ይሻላል።

ለትምህርት ቤታችሁ ወይም ለልጃችሁ ስትገዙ «ሥሩ መስታወት ነው ወይስ ፕላስቲክ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ የዋስትናውን ወረቀት ተቀበሉ። ስክሪን ሲሰበር ማን እንደሚከፍል ተጽፎበት እንደሆነ ፈልጉ። በቃል የተነገረውን ሻጩ ነገ ሊክደው ይችላል። ጣት አትርገጡ፤ ለሌላ ሰውም አታስነብቡ። እናንተው ፊደሉን እየቆጠራችሁ አንብቡትና ከዚያ ፈርሙ።