በመካከለኛ ሰርቨር በኩል ፋይል ማሻገር፦ ከዓለም ከተማ እስከ አዲስ አበባ
(ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ገለጻ የተወሰደ ጽሑፍ)



ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ግድ ይለዋል። ዛሬ የማነሣው ግን ዓይን የማያየውን ሸለቆ ነው። በዓለም ከተማ አንድ ጽሕፈት ቤት ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር አለ እንበል፤ ሌላው አዲስ አበባ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ሁለቱም ኢንተርኔት አላቸው፤ ሆኖም አንዱ ሌላውን ሊጠራ አይችልም። የመጀመሪያው በሞባይል ራውተር ስለሚገናኝ አንድን የሕዝብ አድራሻ ከብዙ ደንበኞች ጋር ይጋራል፤ ሁለተኛው በፋየርዎል ተከልሏል። ወደ ውጭ ይደውላሉ እንጂ የሚደወልላቸውን አይቀበሉም። ስለዚህ ሁለቱም የሚደርሱበት ሦስተኛ ሰርቨር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ወደ ሐሳብ የሚመጣው መንገድ ፋይሉን በኤስሲፒ ወደ መካከለኛው ሰርቨር መጫን፣ ከዚያም በሌላው ጫፍ ማውረድ ነው። ይሠራል፤ እኔም ለዓመታት የሠራሁት በዚሁ ነበር። አንድ ቀን ግን የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ስፈትሽ፣ ከስድስት ወር በፊት ያሻገርኩት የተማሪዎች ውጤት እዚያው ተቀምጦ አገኘሁት። የፋይሉ ፈቃድ ደግሞ በሰርቨሩ ላይ መለያ ያለው ሁሉ እንዲያነብበው የሚያስችል ነበር። ሰባሪም ሰርጎ ገብም አልነበረም፤ አደራ አስቀምጦ የረሳው ሰው እኔው ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ መካከለኛውን እንደ መጋዘን ሳይሆን እንደ ድልድይ መጠቀም መረጥኩ። አሠራሩ ይህ ነው። የአዲስ አበባው ኮምፒዩተር በኤስኤስኤች ወደ ሰርቨሩ ይደውልና በትልቁ «አር» አማራጭ ወደ ራሱ የሚመልስ ፖርት ይከፍታል፤ ይህ የተገላቢጦሽ ዋሻ ይባላል። የዓለም ከተማው ደግሞ በትልቁ «ጄ» አማራጭ ሰርቨሩን ተረማምዶ ወደዚያ ፖርት ይገባል። ይህ አማራጭ ወደ ኦፕንኤስኤስኤች የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 በ7.3ኛው እትም ነው። ምስጠራው ከጫፍ እስከ ጫፍ በመሆኑ ሰርቨሩ የታሸገ ደብዳቤ እንደሚያደርስ መልእክተኛ ነው፤ ያሳልፋል፣ አያነብብም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ በመጀመሪያው ግንኙነት የሚታየውን የቁልፍ አሻራ በስልክ ሳታመሳክሩ «አዎን» አትበሉ። አለዚያ መልእክተኛው ራሱን ተቀባይ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። (ኤስኤስኤችን ታቱ ኢሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 የጻፈው በነበረበት ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የይለፍ ቃላት ተጠልፈው ስለነበር መሆኑን ማስታወስ ይገባል።)

በዚህ መንገድ ላይ ከኤስሲፒ ይልቅ አርሲንክን እመርጣለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር የትልቅ ፋይል ዝውውር ከዜሮ ሲጀምር የሚባክነው የዳታ ገንዘብ ነው። አርሲንክ «ፓርሻል» በተሰኘው አማራጭ ከታዘዘ የደረሰውን ክፍል ያቆያል፤ ካልታዘዘ ግን በተቋረጠ ጊዜ ይሰርዘዋል፤ ይህን ብዙዎች የሚያውቁት ከደረሰባቸው በኋላ ነው።

ድልድዩ ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በአንድ ሰዓት እንዲበሩ ይጠይቃል። በአንደኛው ዘንድ መብራት ካልተገኘ ወደ መጋዘኑ መመለስ ግድ ነው። በዚያን ጊዜ ፋይሉ ገና ከቤቱ ሳይወጣ በጂፒጂ ለተቀባዩ ይመስጠር። ተቀባዩም ካወረደው በኋላ የሻ 256ን ባለ 64 ቁምፊ ውጤት ከላኪው ጋር ያመሳክር፤ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ በመካከለኛው ሰርቨር ላይ ያለው ቅጂ በዚያው ሰዓት ይሰረዝ።