የድኅረ ዶክትሬት የምርምር ቦታ በዴንማርክ፤ መንገዱና ወሰኑ



የዶክትሬት ማዕረግ የምርምር ሕይወት መግቢያ እንጂ ፍጻሜ አለመሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻም። ሆኖም ወጣቱ ተመራማሪ ማዕረጉን በተቀበለ ማግስት የሚገጥመው ጥያቄ ብርቱ ነው፤ ከዚህ በኋላ ወዴትና በማን ገንዘብ? ዴንማርክ ለዚህ የሰጠችው መልስ ሊመረመር ይገባዋል።

የልማዱ ሥር ሩቅ ነው። ኒልስ ቦር በኮፐንሃገን የመሠረተው የፊዚክስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1921 ከተከፈተ ጀምሮ ወጣቶችን ከየአገሩ ይቀበል ነበር። ጀርመናዊው ቬርነር ሃይዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1924 ወደዚያ የሄደው በሮክፌለር ገንዘብ በተሰጠ ድጎማ ሲሆን፣ ስሙን ካስጠሩት ሥራዎች አንዱን በ1927 ያዘጋጀው በዚያው ከተማ ነው። እንግዳው ተመራማሪ የሚቀበለውን ያህል የሚሰጥ መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ።

በዴንማርክ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ አንጋፋው እ.ኤ.አ. በ1479 የተመሠረተው የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ነው። በእነዚህ ሁሉ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ተማሪ ሳይሆን ደመወዝተኛ ነው፤ ደመወዙና ጡረታውም በመንግሥትና በሠራተኛ ማኅበራት መካከል በተደረገ የኅብረት ስምምነት ይወሰናል። ስለዚህ አመልካቹ የሚፈልገው ምዝገባን ሳይሆን በጀት የተያዘለትን የሥራ ቦታ ነው።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አንድ ፕሮፌሰር አስቀድሞ ባገኘው የፕሮጀክት ገንዘብ የሚወጣው ግልጽ የቅጥር ማስታወቂያ ነው። በዚህ ጊዜ ብቃትን የሚመዝኑ ባለሙያዎች አስተያየታቸውን ይሰጣሉ፤ ቀጣሪው ኃላፊ ይወስናል። «ማንኛውንም ቦታ» የሚል ማመልከቻ እምብዛም አይረዳም፤ በማስታወቂያው የተጠየቀውን ዘዴ በየትኛው ሥራው እንደ ተጠቀመበት ነጥብ በነጥብ የሚያሳይ ግን ይነበባል።

ሁለተኛው፣ አመልካቹ ራሱ ገንዘብ ይዞ የሚገባበት ነው። የዴንማርክ ነጻ የምርምር ፈንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 በጠማቂው ያኮብሰን የተቋቋመው የካርልስበርግ ፋውንዴሽን፣ እንዲሁም የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ ድጎማ ይጠቀሳሉ። የማሪ ኩሪ ደንብ፣ አመልካቹ ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወራት በላይ እንዳይኖር ወይም እንዳይሠራ ያዛል። ከዚህም የተነሣ ዶክትሬቱን እዚያው ዴንማርክ የጨረሰው ሲታገድ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የሚያመለክተው በዚህ ነጥብ ያልፋል። ግን ከተቀባዩ ፕሮፌሰር ጋር ሆኖ የምርምር ዕቅድ መጻፍ ወራት ስለሚፈጅ፣ ደብዳቤው ቀደም ብሎ መላክ አለበት።

ወሰኑም ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዴንማርክ የሥራ መደብ ደንብ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የድኅረ ዶክትሬት ቅጥር ከአራት ዓመት እንዳይበልጥ ወስኗል። የውጭ አገር ተወላጁ የመኖሪያ ፈቃድም ከቅጥሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ቤተሰቡን ይዞ የሄደ ሰው ውሉ ሲያበቃ ሥራውንም መኖሪያውንም አንድ ላይ ሊያጣ ይችላል።

ስለሆነም ጥበቡ ቦታ ማግኘት ብቻ አይደለም። ተመራማሪው ሲሄድ የትኛው ጽሑፍ በስሙ እንደሚወጣ፣ የትኛው መረጃና ዘዴ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ከመጀመሪያው ቢዋዋል ይበጀዋል። የላከው ተቋምም ወንበሩን ሊጠብቅለት ይገባል፤ መመለሻ የሌለው ሰው ያገኘውን ዕውቀት የሚያፈስስበት ቦታ ያጣልና።