ጫትና የሌሊት መሪ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ታክሲ ነጂዎች እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ጫት ነው። ልንረግመው አልተነሣንም። የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ መዛቱ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ተጽፏል፤ ዘመኑ 14ኛው መቶ ዓመት ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማለዳ ቅሞ እርሻ ይወርዳል። በወሎ ሽማግሌዎች በዱዓ ላይ ቅጠሉን ይዘው ይመርቃሉ። ለሳልና ለጉንፋን የሚወስዱትም አሉ። ስድስት ኪሎ ሳለንማ በፈተና ሰሞን በርጫ የማያውቅ ተማሪ ማን ነበር?

የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ተለይቶ የታወቀው በ1975 እ.ኤ.አ. ሲሆን ጠባዩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ቶሎ ስለሚደክም የአወዳይ ነጋዴ ጠቅልሎ ይሮጣል።

ዋናው ጭንቀታችን ሌሊቱ ነው። ጫት ድካምን ይሸፍናል እንጂ አያወጣም። ከፊውሚቺኖ መንገደኛ ጭነን በራኮርዶ ስንመለስ፣ ምርቃናው የለቀቀው ሰው እንቅልፉ ከነወለዱ ይመጣበታል። በጨብሲ እሰብረዋለሁ የሚለው ደግሞ በድካሙ ላይ መጠጥ ጨመረበት ማለት ነው።

ቀጥሎ ልብ ነው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከመካከላችን የግፊት ክኒን የሚውጡ ጥቂት አይደሉም። ጨጓራውን፣ ድርቀቱን፣ የምግብ ፍላጎት ማጣቱን ቃሚው ራሱ ያውቀዋል። ደረቱን ያመመው ሰው 112 ደውሎ ፕሮንቶ ሶኮርሶ ሲደርስ መቃሙን አይደብቅ። ጣሊያኖቹ «ካት» ነው የሚሉት፤ በዚሁ ስም ይንገራቸው። ሐኪም ፖሊስ አይደለም።

ሕጉም አለ። ለንደን ያሉ ዘመዶቻችን እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በግልጽ ይገዙ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እዚያም ተከልክሏል። እዚህ ኢጣሊያ ጫት ከተከለከሉት ዕፆች ይቆጠራል። በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው የዕፅ ሕግ መሠረት፣ ለራስ ብቻ ይዞ መገኘት እንኳ መንጃ ፈቃድ ሊያሳግድ ይችላል። ለእኛ መንጃ ፈቃድ እንጀራ ነው። ወደ አገር ቤት ደርሳችሁ የምትመለሱም፣ «ለእገሌ ሻይ ቅጠል ነው» ተብሎ የተሰጣችሁን ጥቅል ቦሌ ሳትደርሱ ፍቱት። ሰጪው ቢቀየም ይቀየም።