አፕ ከመሥራታችን በፊት መኪና ግርግር ደርሰን እንምጣ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኛ ሥራ ያጣን ተመራቂዎች ሐረር ውስጥ ስንገናኝ ወሬያችን ሁለት ብቻ ነው፤ "ማስታወቂያ ወጣ ወይ?" እና "አዲስ አበባ እንሂድ ወይ?" እኔም እንደናንተ ዲግሪዬን ይዤ ቤት ቁጭ ብያለሁና በማንም አልፈርድም። ዛሬ ግን ሦስተኛ ወሬ ላንሳ።

ስታርትአፕ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የመስታወት ሕንፃና የውጭ ባለሀብት ነው። ሳምራዊት ፍቅሩን እዩ። ማታ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ ማግኘት ያስቸግራት ነበር፤ ራይድ የተወለደው ከዚያ ችግር ነው። መጀመሪያ የሠራው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። በኋላም አፕ የሌለው ሰው 8294 ደውሎ መኪና ይጠራል። ልብ በሉ፣ ሰው የለመደውን ነገር አልናቀችም!

አሁን ወደ ጀጎል እንግባ። መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊው ልክ ወስዶ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ደንበኛው "ደረሰ ወይ?" እያለ ሦስቴ ይመላለሳል። ልብሱ ሲያልቅ መልእክት የሚልክ፣ ቀሪውን ሂሳብ በቴሌብር የሚቀበል አገልግሎት ብንሰጠውስ? ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ እሱን መፍጠር አይጠበቅብንም። ደግሞ እዚህ ደንበኛው ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማሊኛ ይናገራል። አዲስ አበባ የተቀመጠ ድርጅት ይሄንን ከየት ያመጣዋል? እኛ ሰፈር ተጫውተን ያደግንበት ነው።

"ብሩስ?" ትሉኛላችሁ። ብድር ልጠይቅ ሄጄ የቤት ካርታ አምጣ ተብያለሁ። ካርታ ቢኖረኝ ምን ላድርግ መጣሁ! ስለዚህ ብር በማይጠይቀው እንጀምር። ለመጀመሪያው ወር ኮድ የሚባል ነገር አትጻፉ። መልእክቱን በገዛ ስልካችሁ፣ በእጃችሁ ላኩ። አምስት ልብስ ሰፊዎች በሳምንት ትንሽ ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ካልሆኑ ሐሳቡ አይሠራም ማለት ነው፣ ሌላ እንፈልጋለን። ከከፈሉ ያኔ ፕሮግራሙን የሚጽፍ ልጅ መሀላችን ሞልቷል።

አንድ ነገር አትርሱ። ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ በኢንተርኔት ብቻ የተንጠለጠለ ሥራ ሁሉ ቆሟል። ደብተሩን አትጣሉት፤ የደንበኛው ስልክ ቁጥር እዚያም ይጻፍ።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ሸዋ በር እንገናኝ። በእግር ነው የምንዞረው። ላፕቶፕ ቤት ይቅር፣ እስክሪብቶ ያዙ።