ለግብር የተመዘገበ ውሃ



በካይሮ፣ በሮዳ ደሴት የሚገኘው የናይል ውሃ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ861 የታነጸ ነው። በጕድጓዱ መካከል በቆመውና በክንድ በተከፋፈለው ዓምድ ላይ የውሃው ከፍታ እየተነበበ ይመዘገብ ነበር። ዋናው ዓላማ የግብር ጉዳይ ነበር፤ ወንዙ በበቂ ካልሞላ እርሻው ውሃ አይጠጣም፤ ገበሬውም የሚከፍለው አይኖረውም።

ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ መዝገቡ ሌላ አገልግሎት አገኘ። እንግሊዛዊው የውሃ ሊቅ ሐሮልድ ኸርስት የሮዳን ቍጥር ከሌሎች ረጃጅም መዛግብት ጋር መርምሮ፣ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1951 አሳተመ። የሙላት ዓመታትም ሆኑ የድርቅ ዓመታት እየተከታተሉ የመምጣት ጠባይ እንዳላቸው ተረዳ፤ ስለዚህ የግድብ መጠን በጥቂት ዓመታት ልኬት ብቻ ሊወሰን አይገባም። የጎርፉ ዋና ምንጭ የኢትዮጵያ ደጋ በመሆኑ፣ በዓምዱ ላይ ይነበብ የነበረው የደጋው ክረምት ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ቍጥር ብቻውን አይበቃም። ደለል የወንዙን ወለል ከፍ ያደርጋል፤ የክንድ ልክም ከዘመን ዘመን ይለያያል። መዝጋቢው ምን፣ በምንና እንዴት እንደለካ ካልጻፈ፣ ተተኪው አጥኚ የደለሉን ከፍታ የዝናብ ብዛት አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

የሮዳ መዝጋቢዎች ስለ ግድብ አላሰቡም። ዛሬም የመስክ ማስታወሻን፣ የዝናብ መዝገብን ወይም የኮምፒዩተር ፋይልን ከነመግለጫው የሚያኖር ባለሙያ፣ እርሱ ላላሰበው ጥያቄ መልስ ያቈያል፤ ሥራው አልቋል ብሎ የሚጥለው ግን ያንን ዓመት መልሶ ሊለካው አይችልም።